የጥበብ ስም አመራረጥ፦ በስም ውስጥ የሚናገረውን ድምፅ ስለ መለየት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጥበብ ሰው ሁለተኛ ስሙን ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ራሱ ነው፤ ያውም መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ፣ ሥዕሉ ሊሰቀል ወይም ዘፈኑ ሊለቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጥድፊያና በጓደኞች ምክር። ዕድሜ ልክ የሚጠሩበትን ስም በአንድ ምሽት የመረጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ መዞር ይከብዳቸዋል። ይህ መመሪያ የመድረክ፣ የብዕር ወይም የሥዕል ፊርማ ስም ለመምረጥ ላሰቡ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን፣ የሚመለከተውም የስሙን ድምቀት ሳይሆን ስሙ በባለቤቱ የግልና የመንፈስ ሕይወት ውስጥ የሚኖረውን ቦታ ነው።

መነሻዬ አንድ ሐሳብ ነው። የአማርኛ ስም በአብዛኛው ንግግር ነው። ልጁን «ቢያድግልኝ» ብሎ የሰየመ ወላጅ የተናገረው ለልጁ ሳይሆን ለፈጣሪው ነው፤ ከዚያ በፊት የወለዳቸው እንዳላደጉለትም በዚያው አንድ ቃል ነግሮናል። «ብርቅነሽ» ያለች እናት የተናገረችው ለልጅቷ ነው። «ስንታየሁ» ውስጥ የሚሰማው ብዙ ያየ ሰው ድምፅ ነው። «ደምሰው» ትእዛዝ ነው፣ «ምትኩ» ደግሞ ስለ ሌላ፣ ስለ ሄደ ሰው የሚነገር ቃል ነው። ስለዚህ አዲስ ስም የሚፈልግ ሰው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «በዚህ ስም ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

በቅድሚያ የተሰጠዎትን ስም ይወቁ

አዲስ ስም ከመፈለግዎ በፊት የነበረውን ስም ታሪክ ይጠይቁ፤ ከተቻለም በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠይቁ። ስሙን ያወጣው ማን ነው? አባት ነው ወይስ አያት? በዚያ ሰሞን በቤቱ ምን ሆኖ ነበር? ሊወጣ ታስቦ የቀረ ስም ነበረ? እናትና አባት ባልተስማሙበት ቤት አንዱ ወገን እስከ ዛሬ በሌላ ስም ይጠራዎት ይሆናል፤ ያ የተሸነፈው ስም አንዳንድ ጊዜ ለጥበብ ሥራ ከሁሉ የሚስማማው ሆኖ ይገኛል።

የማውቃት አንዲት ወጣት ሠዓሊ ስሟን መለወጥ ትፈልግ ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገር ግን ከሐዘን በኋላ ከሚወጡት፣ «ማስረሻ»ን ከመሰሉት ስሞች አንዱ ነው። ከእሷ በፊት የተወለደ ወንድሟ በሕፃንነቱ አርፎ ነበርና፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር የሌላ ሰው ሞት የተሸከመች እየመሰላት ትከፋ ነበር። ስሙን ያወጡት አያቷ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሄዳ «ለምን እንዲህ አላችሁኝ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ይለቅሙት የነበረውን ምስር ከነሰፌዱ ወደ ጎን አድርገው «እሱን እንድረሳ ብዬ እኮ አይደለም፣ ልቅሶዬን እንድረሳ ብዬ ነው» አሏት። ሃያ ዓመት ሙሉ በስሟ ውስጥ ሞት ሲናገር የሰማች የመሰላት ልጅ፣ የሚናገረው መጽናናት መሆኑን በዚያን ዕለት ሰማች። ስሙን ለመለወጥም ሆነ ላለመለወጥ ያን ከመስማቷ በፊት ብትወስን ኖሮ ውሳኔዋ የተሳሳተ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማሳጠርም ቢሆን ይህን ማወቅ ይጠይቃል። ድምፃዊቷ እጅጋየሁ ሽባባው በመድረክ «ጂጂ» ትባላለች። አጭሩ ስም በየትም አገር ጆሮ ይገባል፤ ረጅሙ ግን «እጅግ አየሁ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አጭሩን የሚይዝ ሰው ረጅሙ በውስጡ እንዳለ ካወቀ ምንም አያጎድልም፤ ሳያውቅ ከቆረጠው ግን የአንድን ሰው ንግግር መሐል ላይ እንዳቋረጠ ይቆጠራል።

አዲሱ ስም ከየትኛው ወገን ነው?

በእኛ ዘንድ ሁለተኛ ስም መያዝ አዲስ ነገር አይደለም። ነገሥታት ስመ መንግሥት ነበራቸው፣ ጦረኞች የፈረስ ስም ነበራቸው፣ መነኮሳት የምንኩስና ስም አላቸው፣ ጸሐፊዎችም በብዕር ስም ይጽፋሉ። እነዚህ ዓይነቶች ሥራቸው ለየቅል ነውና የእርስዎ ስም የየትኛውን ሥራ እንደሚሠራ ማወቅ ምርጫውን ያቀልለታል።

ስመ መንግሥት የተልእኮ ስም ነው። ቋረኛው ካሣ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ «ቴዎድሮስ» መባልን የመረጠው፣ ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ይመጣል የተባለለትን ንጉሥ ስም በራሱ ላይ ለማድረግ ነው። «ካሣ» የወላጆች ንግግር ነበር፤ «ቴዎድሮስ» ግን የትንቢት ንግግር ሆነና ሰውየውን እስከ መቅደላ ድረስ አላስተኛውም። እንዲህ ያለ ስም የሚመርጥ የጥበብ ሰው ስሙ ዕዳ መሆኑን ይወቅ፤ ሥራው ከስሙ ባነሰ ቁጥር ስሙ ራሱ ይከስሰዋል።

የፈረስ ስም ደግሞ የሙያ ስም ነው። ሰውየው ቤቱ ሲገባ የቀድሞ ስሙ አለ፤ ፈረሱ ላይ ሲወጣ ግን «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ነጋ»፣ «አባ መላ» ይባላል። ለድምፃውያንና ለተዋንያን ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የፈረስ ስም የቤቱን ስም ሳይነካ ሥራ ላይ ብቻ የሚለበስ ነው። ደግሞም የፈረስ ስም ፉከራን ይችላል፤ ተራ ስም ግን አይችልም። እናት ልጇን «ግሩም» ብትል ያምርባታል፤ ሰው ራሱን በዚህ ሲሰይም ግን የሚናገረው ድምፅ የራሱ ስለሚሆን ምስጋናው ይበላሻል። «ንጉሥ»፣ «ንግሥት»፣ «ሊቅ» የመሳሰሉትን ቃላት ሌላው ይስጥዎት እንጂ ራስዎ አይውሰዱ።

አንድ ሰው ሁሉንም ሊይዝ እንደሚችል ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሳያሉ። የቤት ስማቸው ተፈሪ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ደግሞ ስመ መንግሥት ያደረጉት ስመ ጥምቀታቸውን ነው። የሚገርመው፣ በዙፋን ምክንያት ወደ ኋላ የቀረው «ራስ ተፈሪ» የሚለው ስም ባሕር ተሻግሮ በጃማይካ የአንድ እምነት መጠሪያ መሆኑ ነው። ሰው የተወውን ስም ሌሎች ሊያነሱት ይችላሉ፤ ይህም በእጁ አይደለም።

የእማሆይ ስም

የምንኩስና ስም ከሁሉም ይለያል። እሱን በቅርብ ለማየት ከመነኩሲቷ የፒያኖ ሙዚቀኛ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም የውብዳር ነበር። ስሙን ልብ ብለው ያድምጡት፤ «የውብ ዳር»፣ ውበት እስከሚደርስበት ጠርዝ ማለት ነው፤ የደስተኛ ወላጅ ንግግር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። የውብዳር በሕፃንነቷ ወደ ስዊዘርላንድ ተላከች፣ ሙዚቃን እዚያ ተማረች፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ከቤተሰቧ ጋር ተግዛ በጣልያኗ አሲናራ ደሴት ላይ ታሰረች፣ ከነጻነት በኋላም ካይሮ ሄዳ ቫዮሊንና ፒያኖ አጠናች። ለንደን ሄዳ እንድትማር የተከፈተላት በር ሲዘጋ ልቧ ተሰበረ። በ19 ዓመቷ ወደ ግሸን ማርያም ወጣች፤ በ21 ዓመቷም መነኮሰች።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሚመነኩስ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ለዓለም የሞተ ነውና። አዲሱ ስም የሚሰጠው እንግዲህ ለዚያ ከሞት ወዲህ ላለው ሰው ነው። «የውብዳር» ውስጥ ወላጅ ስለ ልጁ ይናገራል፤ «ጽጌ ማርያም» ውስጥ ግን የሚነገረው ስለ እመቤታችን ነው፣ ባለስሟ የእሷ አበባ ብቻ ሆና ትቀራለች። ደግሞም ጽጌ ሲባል ለምእመኑ አበባ ብቻ አይደለም፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ፣ ማኅሌቱ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ሁሉ በዚያ ቃል ውስጥ አለ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከአገር አገር ሲዘዋወሩ የኖሩ፣ በኋላም ኢየሩሳሌም ገዳም ገብተው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው ያረፉ ሰው ይህን ስም መያዛቸው እኔን ሁልጊዜ ያስደምመኛል። ይህ የእኔ ንባብ ነው።

ለመመሪያችን የሚጠቅመው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ እማሆይ ሙዚቃቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ባሳተሙ ጊዜ ገቢው ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ነበር፤ ስሙና ሥራው አንድ አቅጣጫ ይዘዋል። መንፈሳዊ ስም ለመድረክ የሚመርጥ ሰው «ይህ ስም የተጻፈበት ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ይህ ስም በምን ዓይነት ቦታ ይለጠፋል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉን ትተው ሳለ «ገብሩ» የሚለው የአባታቸው ስም እስከ መጨረሻው አብሯቸው ተጠርቷል።

ቅዱስ ስም ሲያጥር

በክርስትናም በእስልምናም ብዙ ስሞች ሁለት ክፍል አላቸው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አመተ የሚሉት ቃላት ባለቤት ይፈልጋሉ፤ «አብዱል» ብሎ የሚጀምር ስምም ከአላህ ስሞች አንዱን ይፈልጋል። ስሙ ለመድረክ እንዲያመች ሲታጠር ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ባለቤቱ ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሥላሴ ኃይል ነው፤ «ኃይሌ» ሲሆን «የእኔ ኃይል» ይሆናል። «ገብረ» ብቻውን ሲቀር አገልጋይነቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ «አብዱ»ም እንዲሁ። በቤት ውስጥ ቁልምጫ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ግን ለሥራ ሲመረጥ፣ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙሉ ስሙን ይዞ እንደኖረው፣ ሙሉውን ማቆየት ይቻላል እላለሁ። ርዝመቱ የሚያሳስብዎት ከሆነ ቅዱሱን ስም ከነክብሩ በቤት ትተው ለመድረክ ሌላ ቃል ይፈልጉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተሰጠው ስም ራሱ የጥበብ ስም ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ድምፃዊት መክሊት ሐደሮ በመድረክ የምትጠራው «መክሊት» በሚለው ስሟ ብቻ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታው ለአገልጋዮቹ ሰጥቶ የሄደው፣ አንዱም ፈርቶ የቀበረው ያ መክሊት ነው። ሌላ ስም መፈለግ አላስፈለጋትም።

ፊደሉን ይጠንቀቁ

ዛሬ በአማርኛ ሠ እና ሰ፣ ሐ፣ ኀ እና ሀ አንድ ዓይነት ይነበባሉ፤ በግዕዝ ግን ትርጉም ይለያሉ፣ ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከግዕዝ ነው የሚወጣው። «ሠረቀ» ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «ሠረቀ ብርሃን» የሚለውን ያማረ ስም በተሳሳተው ሰ የጻፈ ሰው ብርሃን የወጣለት ሳይሆን ብርሃን የሰረቀ ይሆናል። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ሲሆን «ሰአለ» ለመነ፣ ጸለየ ነው፤ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የምንለው ከዚህ ነው። ሠዓሊ በስሙ ውስጥ ሁለቱን ቃላት ሊያገናኝ ከፈለገ ያምራል፤ ነገር ግን አስቦበት ይሁን። የመረጡትን ስም ከማሳወቅዎ በፊት ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው፣ ከተገኘም ለቅኔ መምህር ያሳዩ። ቅኔ ዐዋቂ እርስዎ ሰም ብቻ ባዩበት ቃል ውስጥ ወርቁንም፣ ነውሩንም ያያል።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» ተጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ፊደሉ አይለየውም። አስተዋዋቂው መድረክ ላይ ቆሞ ስምዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ሲያነብ እርስዎ አጠገቡ እንደማይሆኑ ያስቡ።

የአባት ስምና ባሕር ማዶ

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የሚጠራው አባታችን ነው። ቴዎድሮስ ካሣሁን «ቴዲ አፍሮ» ሲባል የአባት ስም ቦታ ለሌላ ቃል ተለቋል፤ ይህ በመድረክ ዓለም የተለመደ ነው፣ ስሕተትም አይደለም። ሆኖም የአባትን ስም ማንሳት አባት የሚያውቀው ጉዳይ ቢሆን ይመረጣል። የምለምንዎት ከፖስተር ላይ አንብቦ እንዳይሰማው ብቻ ነው።

በውጭ አገር ጥያቄው ይከብዳል። ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ሕፃናት እዚያ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ለእነሱ የአማርኛ ስምን በጥበብ ሥራ ላይ መልሶ መያዝ ፍለጋ ሳይሆን መመለስ ነው። በካናዳ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በእናቱና በአያቱ እጅ በአማርኛ ያደገው አቤል መኮንን ተስፋዬ፣ «ዘ ዊኬንድ» በሚለው ስም ዓለም ካወቀው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ማኅበራዊ ገጾቹን በልደት ስሙ አደረጋቸው። የመድረክ ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል የጎደለው ሌላ የካናዳ የሙዚቃ ቡድን በሙሉው ስም ይጠራ ስለነበር ነው። በመድረክ ስሙ የሚናገረው ድምፅ የመድረኩ ሰው ነው፤ «አቤል» ውስጥ ግን ያማረ መሥዋዕት ያቀረበው የአዳም ልጅ አለ፣ «ተስፋዬ» ውስጥም ተስፋ ያደረገ ሽማግሌ።

የክርስትና ስም ይገለጥ?

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ የምትቀበለው ስም የጸሎት ስም ነው፤ በቅዳሴ፣ በፍትሐት የሚነሳው እሱ ነው። ብዙዎች ይህን ስም ከቅርብ ሰውና ከነፍስ አባት በቀር ለማንም አይነግሩም፤ አንዳንዱ ዐውደ ነገሥት በተባለው የጥንቆላ መጽሐፍ በሚቆጥር ሰው እጅ እንዳይወድቅ ስለሚፈራ፣ አንዳንዱም የጸሎቱን ስም ለገበያ ማውጣት ስለሚከብደው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ በቂ ነው። በሌላ በኩል በጥንታዊ ብራናዎች ላይ ጸሐፊዎች ስማቸውን ያስቀመጡት አንባቢ በጸሎቱ እንዲያስባቸው ሲሉ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም ስሙ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ ባለች ሥዕል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስሙን የሚገልጡት ሰው እንዲያደንቅዎ ከሆነ ይተዉት፤ ሰው እንዲጸልይልዎ ከሆነ ግን አባቶችም አድርገውታል።

ወረቀቱና ሙከራው

የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አመንጪው ስሙ ሳይገለጥ የመቆየት ወይም በብዕር ስም የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ውል ሲፈርሙ ግን ሕጋዊ ስምዎም የጥበብ ስምዎም ጎን ለጎን ይጻፉ። እኔ አንድ ጊዜ በብዕር ስሜ ብቻ ስለተዋዋልሁ ቼኩም በዚያው ስም ተጽፎልኝ፣ መታወቂያዬ ላይ የሌለ ስም ነው ተብዬ ገንዘቡን ለማግኘት ወራት ወስዶብኛል። ስሙን ሌላ ሰው እንዳልያዘውም አስቀድመው ያጣሩ።

ከዚያ በኋላ ስሙን ለ40 ቀናት ይልበሱት። ለጥቂት የቅርብ ሰዎች ነግረው በዚያ ብቻ ይጠሩዎት፤ በመንገድ ላይ ከኋላዎ ሲጠሩዎት ሳያስቡት ይዞራሉ ወይስ ቆይተው? ሲያዝኑ ቢጠሩበትስ ያጽናናዎታል? ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ጮክ ተብሎ ቢነበብ የሚያሳፍር ስም ከሆነ ይለውጡት፤ ስም ከመቃብር በላይ ነውና አንድ ቀን እንደዚያ መነበቡ አይቀርም።

በመጨረሻም፣ ለሕዝብ ከመንገርዎ በፊት የመጀመሪያውን ስም ላወጣልዎት ሰው ይንገሩ። ያቺ ሠዓሊ 40 ቀኗን ጨርሳ አዲሱን ስም ለአያቷ ስትነግራቸው ደጋግመው በአፋቸው አጣጣሙትና «ጥሩ ነው፤ ማታ ከበር ላይ ስጣራ ግን በየቱ ልጥራሽ?» አሏት። «አንቺ ባወጣሽው» አለቻቸው። ሥዕሎቿ አሁን ከፊት በአዲሱ ስም ይፈረማሉ፤ ከጀርባ፣ ሸራው በተወጠረበት እንጨት ላይ ደግሞ በእርሳስ አያቷ ያወጡላት ስም ይጻፋል።